ክኒን በወርቅ ሚዛን

ሕመሙ የጀመረኝ ከምላሴ ነው። ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ፒያሳ አንድ ካፌ ባንኮኒው ላይ ቆሜ ማኪያቶ እጠጣለሁ፤ የዚያን ቀን ገና አንዴ ፉት ስል አፌን ለበለበኝ። ስኳር ጨመርኩ፣ ባሰ። አስተናጋጇን ጠርቼ "ይሄ ወተት ምን ነክቶታል?" አልኳት። "ምንም አልነካውም ጋሼ፣ አሁን የመጣ ነው" አለችኝ። አላመንኳትም። የቆመው ሰው ሁሉ እስኪሰማ ስለ ወተትና ስለ ውሃ ስብከት አሰማሁና ሳልጨርሰው ወጣሁ። በማግስቱ ሌላ ካፌ ሄድኩ፤ እዚያም ለበለበኝ። በሦስተኛው ቀን ሱቄ ውስጥ፣ ደንበኞች የጆሮ ጌጥ ሲሞክሩ በሚያዩበት መስታወት፣ ምላሴን አውጥቼ አየሁት። ነጭ ነገር ለብሷል። በጣቴ ስጠርገው ሥሩ ቀልቶ ደማ። ወተቱ ምንም እንዳልነበረው ያኔ ገባኝ።

ስሜ መርዕድ ነው፤ የአባቴን ስም ልተወው። ወርቅ ሠሪ ነኝ። ሥራውን የተማርኩት ከአባቴ ነው፤ የተወለድኩትም ያደግኩትም ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ካለው ሰፈር ነው። የድሮው የሱቆቻችን ረድፍ ከፈረሰ ወዲህ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጠባብ ክፍል ይዣለሁ። የእኛ ሥራ ጥርጣሬ ነው። ሰው የሟች እናቱን ሐብል እያለቀሰ ቢያመጣልኝ እንኳ መጀመሪያ የወርቅ መፈተኛው ጥቁር ድንጋይ ላይ እፈትገዋለሁ፣ አሲድ ጠብ አደርግበታለሁ፣ ከዚያ ነው "እግዚአብሔር ያጽናህ" የምለው። ወጣት ሳለሁ አንድ ጊዜ ወርቅ የተቀባ መዳብ ገዝቼ አባቴ ሳምንት ሙሉ አላነጋገረኝም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዳቦም ቢሆን ገልብጬ አያለሁ። ይህን የምነግራችሁ እንድትስቁብኝ ሳይሆን ቀጥሎ ያደረግኩት ነገር እንዲገባችሁ ነው።

ቫይረሱ በደሜ መኖሩን ካወቅኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ያኔ የጎድን አጥንቴን ተከትሎ አልማዝ ባለጭራ ወጣብኝ፤ ሐኪሞቹ ሄርፒስ ዞስተር የሚሉት፣ ሸሚዝ እንኳ የማያስለብስ የሚያቃጥል ሽፍታ ነው። ያከመኝ ሐኪም ለምርመራ ደም እንድሰጥ መከረኝ፤ ኤች.አይ.ቪ. ተገኘብኝ። ባለቤቴ ጽጌም ተመረመረች፤ ነፃ ሆነች። ከየት እንዳመጣሁት እኔም ጽጌም እናውቃለን፤ ለእናንተ ግን ማወቁ አይጠቅማችሁም። ትታኝ ልትሄድ ትችል ነበር፤ አልሄደችም። መድኃኒት ጀመርኩ፤ በኋላ ሦስቱ በአንድ ክኒን የሆኑት መጡ፤ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር። በየቀኑ ሳላዛንፍ ከወሰድኩ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ እንደሚወርድ፣ ካልታየ ደግሞ ለጽጌ እንደማይተላለፍ ነገሩን። ነገሩ እውነት ሆኖ ቫይረሱ ለዓመታት አልታየም። በየጠዋቱ የምውጠው አንድ ክኒን እኔን በሕይወት፣ እሷን ደግሞ በጤና ያኖር ነበር።

መድኃኒቱ በነፃ ነው። እኔ ደግሞ በነፃ የሚሰጥ ነገር ሰላም አይሰጠኝም። አንድ ቀን ነርሷን "የዚህን ሒሳብ የሚችለው ማነው?" አልኳት። አሜሪካኖች በድሃ አገሮች ለኤች.አይ.ቪ. መከላከያና ሕክምና የሚሆን ገንዘብ የሚያስመድብ ሕግ እንዳላቸው፣ ምክር ቤታቸው በየጥቂት ዓመቱ እየተሰበሰበ እንደሚያድሰው አስረዳችኝ። "ካላደሱትስ?" አልኳት። "ኧረ ያድሱታል ጋሼ፣ እስከ ዛሬም አድሰውታል" አለችኝ። መልሷ አልጣመኝም። ፒያሳ የት እንደሆነች የማያውቁ ሰዎች የእኔንና የጽጌን ነገር በድምፅ ብልጫ ይወስናሉ ማለት ነው። ደስ ባይለኝም ክኒኑን መዋጤን ቀጠልኩ።

ከዚያ ያ ወሬ መጣ። እርዳታው ለግምገማ ቆሟል ተባለ። ሕጉም ሳይታደስ ጊዜው አለፈ ተባለ። በነጋታው ደግሞ የእርዳታው መቆም መድኃኒቱን አይነካም ተባለ። ካፌ ውስጥ ስልኩን የሚያነብ ሰው ሁሉ የየራሱ ዜና ነበረው። ከሱቄ ጎን ያለው ልብስ ሰፊ፣ የእኔን ነገር ሳያውቅ፣ "ከእንግዲህ ለነዚያ ሰዎች የሚሰጣቸው ዱቄት ነው አሉ" አለኝ። እኔም ከነዚያ ሰዎች አንዱ ስለሆንኩ "እንዴት ያለ ዘመን ነው" ብዬ አለፍኩት።

ጤና ጣቢያችን ውስጥ እታገኝ የምትባል ሴት ነበረች። እሷም ቫይረሱ በደሟ ያለ ናት፤ ሥራዋ ሕሙማንን ማበረታታት፣ ቀጠሮ ላለፈው ሰው መደወል ነው። ደመወዟ ከዚያው ከውጭው እርዳታ ነበር። መድኃኒት ልወስድ ስሄድ ወንበሯ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። "ተቀንሳለች" አሉኝ። መድኃኒት መስጫው መስኮት ጋ ስደርስ ድሮ የስድስት ወር ይሰጠኝ የነበረው የሦስት ወር ብቻ ሆነ። ጠርሙሱም ሌላ፣ ክዳኑም ሌላ፣ ክኒኑም መልኩ የተለየ ነው። "ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት መድኃኒት ሰጪውን። "ያው ነው" አለኝ ቀና ሳይል፤ ከኋላዬ ሰልፉ ረጅም ነበር። እኔ ደግሞ "ያው ነው" የሚለውን ቃል ሐሰተኛ ወርቅ ይዘው ከሚመጡ ሰዎች አፍ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ሱቄ ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ሚዛኔ የወርቅ ብናኝ የሚለይ ነው። ከድሮው አንድ፣ ከአዲሱ አንድ ክኒን መዘንኩ። አዲሱ ቀለለ። ምናልባት አንዱ ተሸርፎ ይሆናል ብዬ ከየወገኑ አሥር አሥር አድርጌ ደገምኩት። አሁንም አዲሱ ቀለለ። ሽፋኑን በመርፌ ጫር አድርጌ ውስጡን አየሁት፤ ነጭ ነው። የድሮውም ነጭ ነው፤ ግን የአዲሱን ነጭ ዓይኔ አልወደደውም። በእኛ ሙያ ከቀለለ ጎድሏል፤ ከጎደለ አንድ ሰው ነክቶታል። ገንዘቡ ስለቆመ ዱቄት ቀላቅለው አፋችንን ሊያዘጉን ነው አልኩ። ማስረጃዬ ሚዛኑ ነበር፤ ሌላ ማንንም አልጠየቅኩም።

ቀጠሮዬ ሁልጊዜ ክኒኑ ሳያልቅ ስለሚደርስ ከድሮው አንድ ያልተከፈተ ጠርሙስና አንድ የተጀመረ ቀርቶኝ ነበር። እውነተኛው እሱ ነው፣ ስለዚህ መብቃቃት አለበት። ወርቅ ሲያንስ ወርቅ ሠሪ ያሳሳዋል። የሥራ መቀሴን አነሳሁና ክኒኑን ከመሐል ቆረጥኩት። ስለታም መቀስ ነው፤ ፍርፋሪ እንኳ አልወጣውም። በየቀኑ ግማሽ ልወስድ፣ ቁራጮቹንም በባዶ የቀለበት ሣጥን ላስቀምጥ ወሰንኩ። እኔ አራዳው ነቃሁባቸው፣ ሌላው ፋራ ዱቄቱን ይዋጥ ብዬ ኮራሁ። ለጽጌ ትንፍሽ አላልኩም። ብነግራት ኖሮ ያኑ ቀን ጎትታ ጤና ጣቢያ ትወስደኝ ነበር፤ ስለዚህ "ከእንግዲህ መድኃኒቴን ሱቅ ነው የምወስደው፣ ሰዓቱ ይመቸኛል" አልኳት። አመነችኝ።

ሦስት ወር ሞላ፤ ቀጠሮዬን ዘለልኩት። ሌላ ዱቄት ለመቀበል አልሄድም አልኩ፤ ሄጄም ደም ቢወስዱብኝ ግማሽ መዋጤ እንዳይታወቅ ፈራሁ። የሚደውልልኝ ሰው አልነበረም። ሁለት ሳምንት ያህል እንዳለፈ አንድ ቀን ሁለት ደንበኞች ጠረጴዛዬ ፊት ተቀምጠው የጣት ልክ ስወስድ እታገኝ በሩ ላይ ቆመች። ደመወዝ የላትም፣ ሥራ የላትም፣ ምን ፈልጋ መጣች? ልታጋልጠኝ ነው፣ ወይ አፍ ማስያዣ ልትጠይቀኝ ነው፤ ከዚህ ሌላ ሐሳብ አልመጣልኝም። ገባ ብላ ቀለበት የምታይ መስላ፣ በጣም ዝቅ አድርጋ "ጋሽ መርዕድ፣ ቀጠሮዎ አልፏል እኮ፤ ደህና ነዎት?" አለችኝ። ስንት ዓመት አንቺ ስላት የኖርኩትን ሴት "እርስዎ የሚፈልጉት ዓይነት እዚህ የለም እመቤት፤ ሌላ ሱቅ ይጠይቁ" አልኳት። "እሺ ጌታዬ፣ ይቅርታ" ብላ ወጣች። ደንበኞቼ ምንም አልጠረጠሩም፤ እኔም ተገላገልኩ አልኩ።

ከዚያ የድሮው ክኒን እያለቀ ሲሄድ ግማሹንም አንድ ቀን እየዘለልኩ መውሰድ ጀመርኩ። በስምንተኛው ወር ነው ምላሴ የነጣው።

መዋጥ አቃተኝ። ውሃ እንኳ ወጋኝ። ትኩሳቱ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፣ ያንቀጠቅጠኛል፣ በላብ አጥምቆኝ ይሄዳል። ቀበቶዬ ላይ አዲስ ቀዳዳ በሳሁ። አንድ ሐብል ስበይድ አቃጠልኩት። ጽጌ "ምን ሆነሃል?" ትላለች። "ብርድ ነው" እላለሁ። አንድ ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ወደቅኩ። ፈራሁ። ለጽጌ አልነበረም የፈራሁት፤ ለራሴ ነው። እውነቱን ልጽፍ ነው የተቀመጥኩት፣ ስለዚህ ይኸው።

ጽጌ ደግፋ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። የተቀበለችን ዶክተር ሐያት የምትባል ወጣት ሐኪም ናት። አፌን በባትሪ አየች። "ካንዲዳ ነው፤ የአፍ ፈንገስ። ወደ ጉሮሮም ወርዷል" አለች። ከዚያ ብዕሯን አስቀምጣ "ክኒንዎን እንዴት ነው የሚወስዱት?" አለችኝ። "በየቀኑ" አልኩ። ጽጌም "በየቀኑ ነው ዶክተር፣ ሰዓቱን አያዛንፍም" ብላ መሰከረችልኝ። ዶክተሯ ለፈንገሱ ፍሉኮናዞል አዘዘችልኝ፤ ለቫይራል ሎድ፣ ማለትም ለቫይረሱ ብዛት ምርመራ፣ ደም አስወሰደች። "ውጤቱ ሲመጣ ያለዎትን መድኃኒት በሙሉ ይዘው ይምጡ፤ ባዶውንም ጠርሙስ ሳይቀር" አለች።

ውጤቱ መጣ ተብሎ ሲደወል እኔ ከአልጋ አልወረድኩም ነበር። ጽጌ የሱቁን ቁልፍ ከኪሴ ወሰደችና ሄዳ መሳቢያውን ሁሉ በፌስታል ሞልታ መጣች። እኔንም ደግፋ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ፤ በዶክተሯ ጠረጴዛ ላይ ስታወጣው ሳልውጠው የቀረው አዲሱ ጠርሙስ ወጣ። የድሮዎቹ ሁለት ባዶዎች ወጡ። መጨረሻ ላይ የቀለበቱ ሣጥን ወጣ። ጽጌ ራሷ ከፈተችው። ስምንት ዘጠኝ ግማሽ ክኒኖች ጥጡ ላይ ተኝተዋል።

ከዚያ ሁሉንም ለፈለፍኩት፤ ወሬውን፣ ሚዛኑን፣ መቀሱን። ዶክተር ሐያት አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ሁለቱን ጠርሙሶች ጎን ለጎን አቆመችና "ጋሼ፣ ይህን ያንብቡልኝ" አለች። የሦስቱ መድኃኒቶች ስምና ሚሊግራም ሁለቱም ላይ ተጽፏል፤ ቁጥሩ አንድ ነው። "የክኒኑ ክብደት የመድኃኒቱ ብቻ አይደለም። የሚያያይዘው ዱቄትና ሽፋኑ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። እርስዎ የመዘኑት እሱን ነው፤ መድኃኒቱ አልጎደለም" አለችኝ። ማኅተም ሳላይ ወርቅ የማልገዛ ሰውዬ የጠርሙሱን ጽሑፍ አንድ ጊዜም አላነበብኩትም ነበር።

መሸነፍ ስለማልወድ "ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?" አልኩ። "ልንነግርዎ ይገባ ነበር" አለች። "ቁጭ ብላ የምታስረዳው ሠራተኛ ተቀነሰች፤ መስኮቱ ላይ ያለው አንድ ሰው ነው። ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ግን ቫይረሱ ከፍ ብሏል፣ በጣም። ከእንግዲህ እንደገና እስኪወርድ ድረስ ይተላለፋል።" ከዚያ ወደ ጽጌ ዞረች። "እርስዎም ዛሬውኑ መመርመር አለብዎት።"

ጽጌ ነጠላዋን ሰብስባ እኔን አየች። "ስንት ወር?" አለችኝ። "ስምንት" አልኳት። "ስምንት ወር አጠገቤ ስትተኛ አንድ ቃል አልወጣህም" አለች። ወንበሯን ስባ ከእኔ ራቅ አለች። ከተጋባን ጀምሮ እንዲያ ስታደርግ አይቼ አላውቅም።

ጣቷን ወጓት። ጠበቅን። ነፃ ናት አሉ። እኔ እፎይ ልል ስል ዶክተሯ "ይህ ያለፈውን ነው የሚነግረን፤ የቅርቡ ገና ላይታይ ይችላል። ከሦስት ወር በኋላ ይደገማል" አለች። እስከዚያ ኮንዶም፣ ለጽጌም ሳይያዙ የሚወሰደው መከላከያ ክኒን፣ ፕሬፕ የሚሉት፣ ታዘዘ። እሱም እንደ ልብ እንደማይገኝ፣ የተረፈው ጥቂት እንደሆነ ዶክተሯ አልደበቀችንም። በሽታ የሌለባት ሴት በእኔ ጥርጣሬ ምክንያት በየጠዋቱ ክኒን ዋጠች፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አቅለሽልሿት መታጠቢያ ቤት ስታስመልስ በሩ ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። አፈርኩ። "ጽጌ" እላታለሁ፤ "ሂድ ከዚህ" ትለኛለች።

እኔ ቶሎ ዳንኩ፤ ይህም ያናድደኝ ነበር። ፈንገሱ በሁለት ሳምንት ጠፋ፣ ትኩሳቱ ተወኝ፣ ያንን ዱቄት ያልኩትን አዲሱን ክኒን ሙሉውን እየዋጥኩ ሳለ ቀስ በቀስ ጉልበቴ ተመለሰ፤ መጀመሪያ እስከ ደጅ፣ ከዚያ እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ በእግሬ እየተራመድኩ፣ በመጨረሻም ታክሲ ውስጥ ወንበር የሚለቅልኝ ወጣት እስከማልፈልግ ድረስ። ሱቄን ስከፍት ልብስ ሰፊው "ጾም በዛብህ እንዴ?" አለኝ፤ እኔም "በዛብኝ" አልኩት። ከሦስት ወር በኋላ ቫይራል ሎዱ ሲደገም ወርዶ ነበር፤ ዶክተር ሐያት መድኃኒቱን የተለማመደ ቫይረስ ቢፈጠር ኖሮ ነገሩ እንዲህ ቀላል እንደማይሆን አስጠንቅቃኛለች፤ ዕድል ነው እንጂ ብልሃቴ አይደለም።

እታገኝን ፈልጌ አገኘኋት። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ካልሲና መሐረብ ዘርግታ ትሸጣለች። አጠገቧ ቁጭ አልኩና "እታገኝ፣ በድዬሻለሁ" አልኳት። "የዚያን ቀን 'እርስዎ' ሲሉኝ ጊዜ መድኃኒት እንዳቆሙ ገባኝ" አለችኝ፤ "የሚያፍር ሰው ነው እንዲያ የሚያከብረኝ።" ሳቀች። ከተቀነሰች በኋላ ቀጠሮ ያለፉትን ከምታስታውሰው አድራሻ እየፈለገች በራሷ እግር ስንት ሰው ቤት እንደሄደች የነገረችኝ ሌላ ሰው ነው፤ እሷ አልነገረችኝም። ከእኔ የባሰ ስድብ የሰደቧትም አሉ። ለእሷ፣ ለዶክተር ሐያትና ሳትመዝነኝ ላኖረችኝ ለጽጌ ምስጋናዬ እስክሞት ነው።

እዚያ ማዶ እጃቸውን አውጥተው ያንን ሕግ ላጸደቁትም አመሰግናለሁ። ግን አላምናቸውም፤ ማመስገንና ማመን ለየቅል ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ አባቶቻችን፤ ሰው ያዋሰህን ሰርግህ መሐል ላይ መልሰኝ ሊልህ ይችላል። የእኛዎቹ ሹማምንት ይህን አስበው ከራሳችን ጎተራ ምን እንዳዘጋጁ እጠይቃለሁ፣ እናንተም ጠይቁ። መጠርጠርን አልተውኩም፣ አትተዉም አልላችሁም። የእኔ ጥፋት መጠርጠሬ አይደለም፤ ብቻዬን በር ቆልፌ መጠርጠሬ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለበሽታው ብቻ አይመስለኝም፣ ለጥርጣሬም ይሠራል። ጠርሙሱ ሲለወጥባችሁ ይዛችሁት ሂዱ፣ መስኮቱ ላይ ያለው ቀና እስኪል ድረስ አትንቀሳቀሱ፣ ከኋላችሁ ያለው ሰልፍ ቢያጉረመርም ያጉረምርም። ክኒን አትቁረጡ። አጠገባችሁ ለሚተኛው ሰው ደግሞ ያኑ ቀን ንገሩት፤ የሚበላሸው የእናንተ ሕይወት ብቻ አይደለምና።

የጽጌ ሁለተኛ ምርመራ ቀን ጠዋት አብረን ሄድን። ዶክተሯ ወረቀቱን አይታ "ነፃ ነዎት" ስትላት ጽጌ "ተመስገን" ብላ ተነሳች፤ እኔ ነኝ ወንበሩ ላይ የቀረሁትና ያለቀስኩት። ቤት ስንደርስ፣ እነዚያን ሦስት ወራት ከእኔ አርቃ ትቀመጥበት የነበረውን ወንበሯን ወደ ቦታው መለሰች።

ክኒኑን ግን አሁን የምትይዘው እሷ ናት። በየጠዋቱ መዳፌ ላይ ታስቀምጥልኛለች፣ ውሃ ትሰጠኛለች፣ ከዋጥኩ በኋላ "ስሜን ጥራ" ትለኛለች፤ አፉ ውስጥ ክኒን የደበቀ ሰው ጥርት አድርጎ መናገር አይችልም ብላ። ባለፈው ሰሞን "እስከ መቼ ነው? አሁንም አታምኚኝም?" አልኳት።

"አላምንህም" አለችኝ። "ጥራ።"

ጠራኋት።